ሰኔ 30 በካቶሊክ ትምህርት ቤት ግቢ

በኢትዮጵያ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዘመኑ የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ፣ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው በሚያከብሩት በዓል ነው። በግብዣ ወረቀት ላይ «የወላጆች ቀን» ወይም «የወላጆች በዓል» ይባላል፤ ወላጆች «ካርድ መቀበያ» ይሉታል፤ ልጆች ደግሞ በአጭሩ «ሰኔ ሠላሳ» ብለው ይጠሩታል። መርሐ ግብሩ ሲታይ በመንግሥትና በሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ከሚደረገው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ከተሰብሳቢው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሲስተሮች፣ ብራዘሮች ወይም አባቶች በሚመሩት ግቢ ልጁን የሚያስተምረው ወላጅ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ወይም ሙስሊም፣ ወይም ፕሮቴስታንት። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ አይገባም። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚገናኘው በአንድ ቀን፣ በልጁ ውጤት ዙሪያ ነው። የበዓሉም ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ግንኙነት ታሪክ ነው።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት በነበረው የቄስ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳውን ይለያል፤ ከመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይጀምራል፤ ወንጌል አንብቦ ወደ ዳዊት ይሻገራል። አንዱ በሁለት ዓመት የጨረሰውን ሌላው በአራት ዓመት ሊጨርሰው ይችላል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ገና ፊደል ላይ ቢሆን ማንንም አያስገርምም። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ይደግሱለታል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ መምህሩም በክብር ተጋብዘው ጋቢ ወይም ሌላ ስጦታ ይበረከትላቸዋል። ደስታው የአንድ ቤት ደስታ ነው፤ ቀኑን የሚወስነው የልጁ እርምጃ እንጂ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ሁሉም በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ሥርዓት ሲመጣ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ያልነበረው አንድ ነገር አብሮ መጣ፤ ልጆችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ማሰለፍ። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው የሰኔ ጥያቄ የተወለደው ከዚህ ነው።

በአደባባይ የመሸለም ልማድ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የቆየ ሥር አለው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ1599 ለኮሌጆቻቸው ባወጡት የትምህርት ደንብ ለሽልማት አሰጣጥ ብቻ የተለየ ክፍል መድበዋል፤ ሽልማቱ ብዙ ሰው በተገኘበትና በተቻለ መጠን በደመቀ ሥነ ሥርዓት እንዲሰጥ፣ የአሸናፊውም ስም በሕዝብ ፊት እንዲጠራ ያዛል። የድኻ ልጆችን ለማስተማር እ.ኤ.አ. በ1680 ፈረንሳይ ውስጥ የወንድሞች ማኅበርን የመሠረተው ዮሐንስ መጥምቅ ደ ላ ሳል ነገሩን በሌላ መንገድ አየው። ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1720 የታተመው የትምህርት ቤት አመራር መጽሐፉ ሽልማትን በሦስት ይከፍላል፤ ለመንፈሳዊ ትጋት፣ ለችሎታ፣ እንዲሁም ከትምህርት ላለመቅረት። ሦስተኛው ለድኻ ልጅ የታሰበ ይመስላል፤ ጎበዝ ያልሆነ ልጅም በየቀኑ በመገኘቱ ብቻ ሊሸለም ይችላል። «በዓመቱ ሙሉ ያልቀረ» ተብሎ ደብተርና እስክሪብቶ የሚቀበል ልጅ ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች መድረክ ላይ ይታያል፤ ስለ ደ ላ ሳል ሰምቶ የሚያውቅ ባይኖርም።

ልጆችን በሕዝብ ፊት አቁሞ የተማሩትን ማሳየት በኢትዮጵያም ጥንታዊ ምሳሌ አለው። በ1603 እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና የደረሰው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ትምህርተ ክርስቶስን በአማርኛ በጥያቄና መልስ አዘጋጅቶ ልጆችን በቃል አስጠናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አፄ ዘድንግል ቤተ መንግሥት ሲጠራ ያስተማራቸውን ልጆች ይዞ ሄደ፤ በንጉሡና በመኳንንቱ ፊትም አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ የተማሩትን አሳዩ። ዝግጅቱ ንጉሡን ማረከው፤ አገሩን ግን አላሳመነም። ዘድንግል በዚያው ዓመት በጦርነት ወደቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነገሠው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ እምነት በአዋጅ ሲጫን የተነሣው ደም መፋሰስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ በኢየሱሳውያን መባረር ተደመደመ። ያ ትዝታ ሁለት መቶ ዓመት አልደበዘዘም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ሚስዮናውያን ልጅ አምጡ ሲሉ በመጀመሪያ የሚጠብቃቸው ጥርጣሬ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ የገባው የላዛሪስት ማኅበር አባሉ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ይህን የተረዳ ይመስላል። የአገሩን ልብስ ለበሰ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ በአጋሜ ጓላ ላይ የከፈተውም ትምህርት ቤት ለግእዙ ሥርዓት ካህናት የሚሠለጥኑበት ነበር። በምሥራቅ ደግሞ የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት ሐረር ላይ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የሐረርጌ ጳጳስ የሆኑት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ከራስ መኮንን ጋር በነበራቸው ወዳጅነት ልጅ ተፈሪን፣ የኋላውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ እንዲያስተምሩ ከሚስዮኑ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ተመደቡ። የእነዚህ ዘመናት ትምህርት ቤቶች ትናንሽ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ለአዳሪ ልጆች የተከፈቱ ናቸው። ወላጅ በዓመት አንድ ቀን ተጠርቶ የሚመጣበት በዓል ገና ቅርጽ አልያዘም።

ቅርጹን የሰጠው የከተማው ትምህርት ቤትና ቤተ መንግሥቱ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ የትምህርት ዓመት፣ ፈተና፣ ከክፍል ወደ ክፍል መዛወር የሚሉት ነገሮች ከመጻሕፍቱና ከውጭ መምህራኑ ጋር ገቡ። መሸለም ግን ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አልነበረም። ጀግና በንጉሥ ፊት ቀርቦ ካባና ለምድ የሚቀበልበት አገር ነው፤ አዲስ የሆነው ተሸላሚው ልጅ፣ ሙያውም ሒሳብና ንባብ መሆኑ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ይዘው ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ እየተገኙ ለደረጃ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ሽልማት መስጠታቸውም የታወቀ ነው። ከንጉሡ እጅ መዝገበ ቃላት ወይም የእጅ ሰዓት የተቀበለ ልጅ ቤተሰቡ ታሪኩን ለልጅ ልጅ ያወራል። የትምህርት ቤቱ መድረክ ለአማርኛ ቴአትርም ማደጊያ ሆኗል፤ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር የደረሳቸውን ተውኔቶች የተጫወቱለት ተማሪዎቹ ነበሩ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለሚስዮን ትምህርት ቤቶች አዲስ ደንብ ወጣ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የታወጀው ደንብ አገሩን ለሁለት ከፈለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናችበት አካባቢ ሚስዮናውያን ማስተማርና ማከም ይችላሉ፤ እምነት ማስለወጥ ግን አይችሉም። «ክፍት» በተባለው አካባቢ ስብከትም ተፈቀደ፤ አዲስ አበባ ክፍት ከተባሉት አንዷ ናት። የማስተማሪያ ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ ደንብ በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጠባይ ላይ ያሳረፈው ምልክት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የተጋበዙት የካናዳ ኢየሱሳውያን የክህነት ልብሳቸውን ትተው ኮትና ሱሪ ለብሰው ያስተምሩ ነበር። በራሷ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም ካቶሊክ ላልሆኑ ልጆች ከትምህርተ ክርስቶስ ይልቅ ግብረ ገብ ማስተማር የተለመደ ሆነ። የደ ላ ሳል ወንድሞች አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፍቱ የሚቀበሉት ልጅ ከየትኛውም እምነት የመጣ ነበር። ስብከት ከክፍል ከወጣ ወላጁን የሚስበው ሥርዓትና ውጤት ነው፤ ሁለቱንም ለማሳየት ደግሞ ከዓመቱ መዝጊያ በዓል የተሻለ ቀን የለም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በሰኔ መጀመሪያ ነው። መምህራን ፈተና አርመው ሮስተር ይሞላሉ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ውጤት በየትምህርቱ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ ደረጃው ይወጣል። ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት ይህ በእጅ የሚሠራ፣ ሌሊት የሚያስመሽ ሥራ ነበር፤ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ሦስተኛው አራተኛ፣ አራተኛው ሦስተኛ ሊሆን ይችላልና ብዙ ጊዜ ሁለት መምህራን እየተናበቡ ያመሳክሩታል። በዚያው ሰሞን ፈተና የጨረሱት ልጆች ለመድረክ ይለማመዳሉ፤ መዝሙር፣ ግጥም፣ አጭር ድራማ፣ የብሔረሰቦች ውዝዋዜ። በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መዝሙር ልዩ ቦታ አለው፤ ሲስተሮች የሚመሩት የልጆች መዘምራን ክፍል ለገናው ዝግጅት ካጠናው አንዳንዱን መልሶ ለሰኔ ያቀርባል።

በዕለቱ ጠዋት ካቶሊክ ልጆችና መምህራን የምስጋና ቅዳሴ ሊኖራቸው ይችላል፤ የቀረው ሰው ግን የሚመጣው ለግቢው ዝግጅት ነው። ሰኔ የዝናብ ወር በመሆኑ ወይ አዳራሽ ይዘጋጃል ወይ ድንኳን ይተከላል፤ ከየክፍሉ የወጣ አግዳሚ ወንበር በሰልፍ ይደረደራል። ባንዲራ ይሰቀላል፤ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል፤ ዳይሬክተሩ ወይም ዳይሬክተሯ የዓመቱን ሪፖርት ያነባሉ። ስንት ተማሪ ተመዘገበ፣ ስንቱ ተዛወረ፣ ስንቱ ይደግማል፣ በሚኒስትሪ ፈተና ትምህርት ቤቱ እንዴት ወጣ። ሪፖርቱ ረጅም ነው፤ ልጆች ይሰለቻሉ፤ ወላጆች ግን ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያዳምጡታል፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ጭማሪ የሚነገረው ከዚሁ ጋር ሊሆን ስለሚችል። የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢም ይናገራል። ከዚያ የሚጠበቀው ይመጣል፤ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በስም ይጠራሉ።

ስም ሲጠራ የአባት ስም አብሮ ይጠራል። ይህ ተራ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ የስም ሥርዓት የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የራሱ ስም ነውና፣ መድረኩ ላይ የሚወጣው ልጅ ቢሆንም በሕዝብ ፊት የተጠራው አባትም ነው። እልልታው ከእናቶች ወገን ይነሣል። ሽልማቱ ራሱ አነስተኛ ነው፤ በገመድ የታሰሩ ደብተሮች፣ እስክሪብቶ፣ የተረት መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት። ወላጁ ከሽልማቱ ይልቅ ካርዱን ይዞ ይሄዳል፤ ለጎረቤትና ለዘመድ የሚታየው ካርዱ ነው። ከሦስተኛ በታች ያለው ልጅ ካርዱን ከክፍል ኃላፊ መምህሩ ይቀበላል፤ ወላጅና መምህር ፊት ለፊት የሚነጋገሩትም ያኔ ነው። እውነተኛው ስብሰባ ይህኛው ነው ማለት ይቻላል፤ ልጁ ያስቸግራል፣ ዓይኑ ጥቁር ሰሌዳ አያይም፣ ቤት ውስጥ የሚያስጠናው የለም የሚለው ሁሉ ከመድረኩ ሳይሆን ከዚህ ይሰማል።

ስለ መስተንግዶው ጥቂት ማለት ይገባል። ሰኔ 30 ሁልጊዜ በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል፤ ጾሙ ከበዓለ ሃምሳ ማግሥት ሰኞ ጀምሮ ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ይፈታል። ስለዚህ አብዛኛው ወላጅ ጾመኛ በሆነበት ዕለት ሥጋም ወተትም ያለበት ግብዣ አይታሰብም። የሚቀርበው ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለስላሳና ሻይ ነው፤ ቡናም ይፈላል። ይህ ችግር መስሎ የሚታየው ነገር ሌላ ችግር አቃልሏል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ሥጋ ያለበት የጋራ ድግስ ሁለት ድስትና ሁለት ማዕድ ይጠይቃል። የጾም ዳቦና ቆሎ ግን ለሁሉም አንድ ነው። እንደ ድሬ ዳዋና ሐረር ባሉ ከተሞች የካቶሊክ ትምህርት ቤት ወላጅ ግማሹ ሙስሊም ሊሆን ስለሚችል ጥቅሙ የበለጠ ይታያል።

ቀኑ ራሱ በአጋጣሚ የቤተ ክርስቲያን በዓልም ነው። ሰኔ 30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ነው፤ በጥንቱ የዩልየስ አቆጣጠር ከጁን 24 ጋር ይገጥማል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ይህንኑ በዓል በራሷ አቆጣጠር ጁን 24 ታከብራለች። ቱሪን ላይ የሳሌዢያን ማኅበርን የመሠረተው ዮሐንስ ቦስኮ በሕይወት ሳለ ተማሪዎቹ ስሙን ምክንያት አድርገው በዚያ ቀን በሙዚቃ፣ በግጥምና በስጦታ ምስጋና ያቀርቡለት ነበር፤ የምስጋና በዓል የሚባለው የሳሌዢያን ትምህርት ቤቶች ልማድ የመጣውም ከዚያ ነው። ማኅበሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም መቐለ፣ ዝዋይና ዲላን ወደመሳሰሉ ከተሞች ዶን ቦስኮ የሚባሉትን ትምህርት ቤቶች ይዞ ሲመጣ፣ የኢትዮጵያ ትምህርት ዘመን በዚያው በመጥምቁ ልደት ቀን ሲዘጋ አገኘው። ሁለቱን ያገናኛቸው ማንም ያቀደው ነገር አይደለም፤ የአንዱ ምክንያት ስም ነው፣ የሌላው ክረምት።

ሰኔ ሠላሳ ለልጆች ሌላ ትርጉምም አለው። ዓመቱን ሙሉ የተጣሉ ልጆች «ሰኔ ሠላሳ እንገናኛለን» ተባብለው ይቀጣጠራሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰልፍ ላይ የሚያንበረክክ፣ ወላጅ አምጣ የሚል ዳይሬክተር የለምና ቂም የሚወራረደው ያኔ ነው። ጠብ የሚነሣው ከግቢ ውጭ፣ ካርድ ከተያዘ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ትልልቆቹን ክፍሎች በተለያየ ሰዓት ያሰናብታሉ፤ መምህራንም በር ላይ ቆመው ልጆቹ እስኪበተኑ ይጠብቃሉ። በሥርዓት አክባሪነቱ ስሙን የገነባ የሚስዮን ትምህርት ቤት ጠዋት በወላጅ ፊት ያሳየውን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ እንዳይነጠቅ መጠንቀቁ ግልጽ ነው። ተሰናባቾቹ ደግሞ አንዱ የሌላውን ዩኒፎርም ሸሚዝ በእስክሪብቶ ይፈርሙበታል፤ እናቶች የማይወዱት፣ ልጆች ግን ለዓመታት የሚያስቀምጡት ማስታወሻ ነው።

አብዮቱ በዓሉን አላጠፋውም፤ ልብሱን ቀየረው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 54 የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ አዛወረ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ግን ሁሉም አንድ ዕጣ አልገጠማቸውም፤ በርካታ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአስተዳዳሪ ማኅበሮቻቸው እጅ ሆነው ማስተማራቸውን ቀጥለዋል። በግቢያቸው የሚሆነው ግን ተለወጠ። ግብረ ገብ በፖለቲካ ትምህርት ተተካ፤ መድረኩን የኪነት ቡድን ያዘው፤ ቀድሞ ለመኳንንትና ለጳጳስ ይተው በነበረው የፊት ወንበር የቀበሌ ሊቀ መንበርና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ተወካይ ተቀመጡ። የልጆቹ መዝሙር ስለ አብዮት ሆነ። ስም እየተጠራ መሸለሙ፣ ካርዱና እልልታው ግን እንዳሉ ቀሩ። ሶሻሊስት ሥርዓት ደረጃ ማውጣትን ይሽራል ብሎ የጠበቀ ቢኖር ተሳስቷል፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከዙፋኑም ከደርጉም ዕድሜ ረዘመ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት ነገሮች ገጽታውን ለውጠዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሪፖርታቸውንና ድራማቸውን በየአካባቢው ቋንቋ ማቅረብ ጀመሩ። የግል ትምህርት ቤቶች በከተሞች መብዛት ደግሞ ውድድር አመጣ፤ በዓሉ የማስታወቂያ ጠባይ ይዞ ድምፅ ማጉያ፣ የቪዲዮ ቀራጺና የተከራየ ጌጥ ገባበት። ሦስተኛውና ለዓይን ቶሎ የሚታየው የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ነው። ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ጋዋን ለብሰው፣ ባለዘርፍ ቆብ ደፍተው እንደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ፎቶ ይነሣሉ። ለአንዳንዱ ወላጅ ይህ ከልክ ያለፈ ወጪ ነው፤ ለብዙው ግን በቄስ ትምህርት ቤት ዘመን ዳዊት ለደገመ ልጅ ይደገስ የነበረውን የሚተካ የቤት ደስታ ሆኗል፤ ከጋዋኑ በኋላ እቤት ዶሮ ባይታረድም፣ ጾሙ እስኪፈታ ተጠብቆ ዘመድ ይጠራል።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 30 በግቢ ውስጥ ሳይከበር አለፈ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመጋቢት ተዘግተው ስለነበር ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ሳይወስዱ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ልማዱ ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የትምህርቱ እርከን ራሱ ተቀየረ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ ክፍል ሆነ፤ ክልላዊ ፈተናም በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ይሰጣል። ስለዚህ ለአሥርተ ዓመታት ሚኒስትሪ የወሰዱት የ8ኛ ክፍል ልጆች የነበረው የአንደኛ ደረጃ ስንብት ወደ 6ኛ ክፍል ወርዷል፤ ሸሚዝ የሚፈራረሙት ልጆችም በሁለት ዓመት አንሰዋል።